ጥፋቱ የሶኬቱ አልነበረም

ሰኞ 4

ዛሬም አንድ ቻርጀር ተመለሰብኝ። ያመጣችው ከሱቄ ሦስት በር አልፋ ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት። ትጮህብኛለች ብዬ ስሳቀቅ እሷ እየሳቀች፣ ስልኳን ሰክታ ሻይ እስክታፈላ ድረስ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ጎማ እንደሸተታት ነገረችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ቀየርኩላት። የቀየርኩላትም ከዚያው ካርቶን ነው። ሌላ የለኝማ።

የሱቄን ግማሽ ተከራይቶ ስልክ የሚጠግነውን ሰውዬ ሁላችንም ዶክተር ነው የምንለው። በአጉሊ መነጽር እያየ ስለሚሠራ ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣለት ስልክ ሁሉ "ይተርፋል" ወይም "አይተርፍም" ብቻ ብሎ ስለሚመልስ ነው። የተመለሰውን ቻርጀር አንሥቶ መዳፉ ላይ መዘን መዘን አደረገው። "ይሄ ነገር ባዶ ነው እንዴ?" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አከፋፋዩ ካርቶኑን ሲያስረክበኝ ከኦሪጅናሉ ጋር ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጣው፣ የሚለየው ማኅተሙ ብቻ ነው ብሎኛል። እኔም ለደንበኛ ይህንኑ እደግመዋለሁ። ስናገረው አፌን አይዘኝም።

ሐሙስ 7

ሰው በዝቷል። ልጆቹ ፈተና ላይ ስለሆኑ ነው መሰለኝ የጆሮ ማዳመጫና ቻርጀር ብቻ ነው የሚጠይቁት።

ዶክተር ሳይነግረኝ አንዱን ሰነጠቀው። ና እይ ብሎ ጠራኝ ማለት አልችልም፣ ዝም ብሎ በመብራቱ ሥር አስቀምጦ ጠበቀኝ። ከግድግዳው የሚመጣው ኃይልና ወደ ስልኩ የሚሄደው ኃይል ተራርቀው መቀመጥ ነበረባቸው አለ፤ በመካከላቸው ወረቀት እንኳ አያሳልፍም። ፊውዝ የሚባል ነገር የለውም። ሽቦው የፀጉር ያህል ነው። "ይሄን አትሽጪ" አለኝ።

ልመልሰው ብል አከፋፋዩ የተከፈተ ካርቶን አይቀበልም። እስቲ እናያለን አልኩት። ዶክተር እንግዲህ የማያማው ዕቃ የለም። ኦሪጅናሉንም ያማል።

ቅዳሜ 9

እትዬ መጣች። የልብስ መለኪያ ሜትሯን እንደ ሁልጊዜው አንገቷ ላይ ጥላ፣ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተለጥፎ። እናታችን ስታርፍ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስድስት። ያሳደገችኝ በልብስ ስፌት ነው። ይህን ሱቅም የከፈትኩት እሷ ቀን ከሌት ሰፍታ ነው። ይህን የምጽፈው ሰው ጠይቆኝ አይደለም። እንዲሁ ዛሬ ትዝ ስላለኝ ነው።

የሚጣ ቻርጀር ሽቦው ተበጥሶ ነው የመጣችው። ሚጣ ልጇ ናት፣ አሥራ አምስት ሞላት፣ ስሟን ትተን ሚጣ የምንላት ገና ከእቅፍ ጀምሮ ነው። መስታወቱ ውስጥ አንድ ኦሪጅናል ቀርቶኝ ነበር። እሱን አንዲት አስተማሪ ሰኞ እወስደዋለሁ ብላ አስቀምጪልኝ ብላኛለች። ስለዚህ ከካርቶኑ ሰጠኋት። እትዬ ተቀብላ፣ ቀለል ይላል አለች። የአሁኑ ሁሉ እንደዚህ ነው አልኳት።

ሚጣ ለብቻዋ ክፍል ስለተሰጣት ደስታዋ ሌላ ነው አለች። ጋሽ ቴስተር ባለፈው ወር አዲስ ሶኬት ከአልጋዋ ራስጌ ገጥመውላታል። ጋሽ ቴስተር የሰፈሩ የመብራት ሠራተኛ ናቸው፤ ቴስተር የምትባለው፣ ያቺ ኤሌክትሪክ ስትነካ የምትበራ ጠመንጃ መፍቻቸው ከሸሚዝ ኪሳቸው ወጥታ አታውቅም፣ ለቅሶ ቤትም ይዘዋት ይሄዳሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ግድግዳውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው "በል ደህና እደር" ይሉታል አለችና ሳቅን።

አስተማሪዋ ሰኞ ባትመጣ ኦሪጅናሉን ለእትዬ እለውጥላታለሁ።

ሰኞ 11

አስተማሪዋ መጥታ ወሰደችው።

ማክሰኞ 12

እትዬ ሆስፒታል ገባች። ቀኝ እጇ። ሚጣ ደህና ናት፣ ምንም አልነካትም። ቤቱም ደህና ነው፣ አንድ ክፍል ብቻ። መጻፍ አልቻልኩም።

ረቡዕ 13

የሆነው እንዲህ ነው። ሚጣ ፈተናዋን ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ቤት ገባች፣ ስልኳን ሰክታ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። እትዬ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ስፌት ላይ ነበረች። ሸተታት። ስትገባ የአልጋው ልብስ ከራስጌ በኩል ይነዳል። መጀመሪያ ልጇን ጎትታ አወጣች። ከዚያ ተመልሳ ገባች፤ ከአልጋው ግርጌ የደንበኛ ጨርቅ ተከምሮ ስለነበር እሳቱ እዚያ ሳይደርስ ብላ የሚነደውን በቀኝ እጇ ጨምድዳ ወደ ግቢ ልትወረውር። ብርድ ልብሱ ናይለን ነበር። ቀልጦ እጇ ላይ ተጣበቀ።

ጎረቤት ቆጣሪውን አጥፍቶ አሸዋ አለበሰው። እኔ ስደርስ ወደ ሆስፒታል ወስደዋት ነበር፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ ነው። ገብቼ ክፍሉን አስተካከልኩ። የተቃጠለውን ፍራሽ ወደ ውጭ አስወጣሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ። ከግድግዳው ሥር የወደቀውን ጥቁር ነገር ሰው እንዳይረግጠው ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የእትዬ ባል የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አውቶቡሱን ለጓደኛው ለቆ እየሮጠ መጣ። ክፍሉ መሀል ቆሞ ግድግዳውን አየ። ሶኬቱ ፊቱ ጥላሸት ለብሷል፣ ከላዩ ያለው ቀለም ተልጧል። "ይሄ ሰውዬ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር" አለ። ጋሽ ቴስተርን ማለቱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ አይደል እንዴ አለኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ የመብራት ነገር። መጥረጊያውን አንሥቼ ወጣሁ።

ዓርብ 15

ሆስፒታል ዋልኩ። እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል፣ ጣቶቿ አይታዩም። ነርሷ ወደ ጎን ወስዳ፣ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ክፉኛ መጎዳታቸውን ነገረችኝ። ሥራዋ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊ ናት ስላት ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

እትዬ የጠየቀችኝ ሚጣ መብላቷን ብቻ ነው። በልታለች አልኳት። ውሸት ነው፣ አልበላችም።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ የሶኬቱን ነገር ይተርካል። አንዲት ሴትዮ፣ የዛሬ ባለሙያ ተብዬ ሁሉ እንደዚህ ነው፣ እኔም ቤት አንድ ነገር ሠርቶልኛል አስፈትሻለሁ አለች። እንዳትል የሚላት አልነበረም። እኔም እዚያው ነበርኩ።

እሁድ 17

ለእነሱ ምግብ ላዘጋጅ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሾፌሩ ሆስፒታል ነው። በሩ ተንኳኳ፣ ሚጣ ከፈተች፤ ጋሽ ቴስተር ናቸው። መሣሪያ መያዣቸውን ይዘዋል። ክፍሉን ልይ ልጄ አሏት። እኔ መውጣት ነበረብኝ፣ ግን እጄ ሊጥ ነክቶ ነበርና አልወጣሁም።

ሲፈቱ፣ ሲነካኩ ይሰማኛል። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ እዚህ ላይ ተሰክቶ የነበረው ምንድን ነው፣ የት አለ ብለው ጠየቋት። ሚጣ ማልቀስ ጀመረች። ሌላ ምንም አልጠየቋትም። "ተይው ልጄ፣ ተይው በቃ" አሏትና ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ማታ ሾፌሩ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሰው ፊት ያልሆነ ነገር ተናገራቸው። እሳቸው፣ እግዜር እጇን ይመልስላት ብለው አለፉ አሉኝ። አልተከራከሩም። ንጹሕ ቢሆኑ ይናገሩ አልነበር? እኔ እንደዚያ ነው የማስበው። ሰው ሳያጠፋ ዝም ይላል እንዴ።

ማክሰኞ 19

ሱቅ ከፈትኩ። ካርቶኑን ከመደርደሪያው አንሥቼ ከባንኮኒው ሥር አስገባሁት። ፊት ለፊቱ ፀሐይ ይመታዋል።

ዶክተር አንገቱን ሳያነሣ፣ የእህትሽ ልጅ ስትሰካው የነበረው ቻርጀር ከየት ነው አለኝ። እኔ እንጃ፣ ቤታቸው ውስጥ ብዙ ቻርጀር አለ አልኩት። ወደ ብየዳው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አላናገረኝም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ሐሙስ 21

ዛሬ ቀዶ ጥገና። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ለመዳፏ። አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሾፌሩ አግዳሚው ላይ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ሚጣ አጠገቡ። እኔ ከእነሱ ፊት ለፊት። ሚጣ አንድም ጊዜ ስልኳን አላወጣችም። ከሁሉ ነገር ይህን ነው ያስተዋልኩት።

ሰኞ 25

ጥቁሩን ቦርሳ መያዝ ትቻለሁ። ዚፑ ተበላሽቷል።

ዚፑ አልተበላሸም።

ሐሙስ 28

ዳቦ ቤት ተሰልፌ የሰማሁት ነው። የሱቆቹ ሕንፃ ባለቤት የአዲሱን ፎቅ የመብራት ሥራ ለጋሽ ቴስተር ሊሰጡ ተስማምተው ነበር፤ ለሌላ ሰው ሰጡት። የፋርማሲዋም ባለቤት እዚያ ጀምረውት የነበረውን ሥራ አስቁማቸዋለች። ዳቦ ሻጩ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርተው አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም አለ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ፣ ዕድሜም እኮ አለ፣ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል አለው።

ሁለት ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ ሳልገዛ ወጣሁ።

ዕድሜም አለ። ዓይናቸው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ይቻላል እኮ።

እሁድ 1

እትዬ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቃት መጥቶ ከሄደ በኋላ ብቻችንን ቀረን። የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍነውታል። አየችውና ዓይኗን መለሰች። እኔን ግን እጄን ይዛ፣ በግራ እጇ፣ ልጅቷ አንድ ነገር ሆናለች አለችኝ። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች፣ ከእኔ አልጋ ሥር ወለል ላይ ነው የምትተኛው፣ ስልኳን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ለአባቷ አትናገርም፣ ለእኔም አትናገርም፤ አንቺን ትወድሻለች፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ።

ጠየቅኳት። ጓሮ ልብስ እያሰጣን ነበር። ሚጣ አንዱን አንሶላ አሥር ጊዜ አስተካከለችው። "ባልተኛ ኖሮ እኮ ሽታው ይቀሰቅሰኝ ነበር" አለችኝ።

አይደለም አልኳት። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው አልኳት። ትከሻዋን አቅፌ ነው ያልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አባቴም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ግን ጋሽ ቴስተር ሲከፍቱት አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ ውስጡ ነጭ ነው፣ ምንም አልሆነም አለችኝ።

አንሶላውን ይዤ ቀረሁ። ለእትዬ፣ ደንግጣ ነው፣ ያልፍላታል ብዬ ነገርኳት።

ረቡዕ 4

እትዬን የእጅ እንቅስቃሴ ወደሚያሠሩበት ቦታ ወሰድኳት። የምታሠራት ልጅ የልብስ መቆንጠጫ ሰጥታ፣ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ክፈቺው አለቻት። እትዬ ሞከረች። ግንባሯ ላብ ላብ አለ። አልተከፈተም። ልጅቷ፣ በርቺ፣ ከስድስት ወር በኋላ ትንሽ ትንሽ ይመጣል አለች። ትንሽ ትንሽ ስትል ምን ያህል እንደሆነ እትዬ አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቤት ስንመለስ ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመዋል። ጨርቃቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። አፍረዋል። እትዬ ራሷ ገብታ በግራ እጇ አውጥታ ሰጠቻቸው፣ ሳይጠይቋት የት ቢያሰፉ እንደሚሻላቸው ነገረቻቸው።

ዓርብ 6

ፀጉር ሠሪዋ ዛሬ አልሳቀችም። የቀየርኩላትን ቻርጀር ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። ሶኬቱ ላይ ብልጭ አለና ድው አለ፣ አጠገቡ ደንበኛዬ ፀጉሯን ተቀብታ ተቀምጣ ነበር አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። "አንቺ እህትሽ ተቃጥላ ተኝታ፣ አሁንም ይሄን ትሸጫለሽ?" አለች።

እሷ ሁለቱን ነገር አላገናኘችውም። እንዲሁ ከንዴት የወጣ ንግግር ነው። ዶክተር ግን መነጽሩን አወለቀ። እኔን አያየኝም፣ ዝም ብሎ መነጽሩን በሸሚዙ ይጠርጋል።

ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። ቤት ገብቼ ጥቁሩን ቦርሳ ከበሩ ጀርባ አወረድኩት። እዚህ ደብተር ላይ ሰው እንዳይረግጠው ብዬ አነሣሁት ብያለሁ። ማን ይረግጠዋል? ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ያነሣሁት ተለጣፊው ስላልተቃጠለ ነው። ግማሹ ቀልጦ ጥርሶቹ ተጣመዋል፤ በአንዱ ጎኑ ግን የሱቄ ተለጣፊ እንዳለ አለ፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ "ለሚጣ፣ ፈተናሽን በርቺ" የሚል። እትዬ ስትወስደው ተለጣፊው ላይ ጽፌበት ነበር። ገና በሩ ላይ ቆሜ፣ ገና ጭሱ ሳይወጣ፣ ከዚያ ሁሉ አመድ መሀል መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ወዲያው አውቄያለሁ። ዶክተር ሲሰነጥቀውም አውቄያለሁ። ስሰጣትም፣ ቀለል ይላል ስትለኝ፣ አውቅ ነበር።

ቅዳሜ 7

ጋሽ ቴስተር ቤት ሄድኩ። ቀን ነው፣ ግን ቤታቸው ናቸው። ድሮ ቅዳሜ ቀን ቤታቸው ተገኝተው አያውቁም። ሚስታቸው በር ከፍተው አስገቡኝና ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሽ ቴስተር ጠረጴዛ ላይ የአሮጌ ራዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግተው ይነካካሉ።

ቻርጀሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከራዲዮው አጠገብ አስቀመጥኩት። አገላብጠው አዩት። ጥርሱን አዩት፣ የቀለጠውን አዩት። መነጽራቸውን ፈልገው ተለጣፊውን አነበቡ።

ልጅቷ ናት ደብቃ ያቆየችው አሉኝ።

እኔ ነኝ አልኩ።

ቶሎ አልገባቸውም። ሚጣ ሰጥታሽ ነው አይደል አሉኝ። አይደለም፣ የዚያን ዕለት ከወለሉ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ከሱቄ የወጣም ነው፣ መጥፎ መሆኑም ተነግሮኝ ነበር አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። 

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ የዚያን እሁድ ሶኬቱን እንደከፈቱት ንጹሕ መሆኑን እንዳዩ ነገሩኝ። ቻርጀሩን ሲጠይቋት ሚጣ ስታለቅስ፣ ፈርታ የጣለችው እሷ ናት ብለው አሰቡ። ሶኬቱ ደህና ነው፣ ቻርጀሩ ይፈለግ ቢሉ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ልጅቷ ላይ ሊያርፍ ነው።

"የእናቷን እጅ ተሸክማ እንድታድግ አልፈለግሁም" አሉ። "እኔ ትንሽ ብታማ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው። ሥራዬን ይወስዱብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም፣ እውነቱን ልንገርሽ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። አላባበሉኝም። ቻርጀሩን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ዝም ያልኩት ለልጅቷ ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ አይደለም።"

ስወጣ ደግሞ ከበሩ ላይ፣ ከሁሉ በፊት ለእሷ ንገሪያት አሉኝ። ከእናቷም በፊት።

እሁድ 8

ለብቻዋ ልነግራት ነበር፣ አልሆነልኝም። ሦስቱም አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቻርጀሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ለሚጣ፣ አንቺ እንድትሰሚው ነው የመጣሁት አልኳት። ከዚያ ነገርኳቸው። አሳጥሬ ነው የነገርኳቸው። ሳስረዝመው ሰበብ እየሆነ ሲመጣ ሰማሁት።

ሾፌሩ ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ። በመስኮቱ ይታየኛል፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

ሚጣ ቻርጀሩን አነሣችው። ተለጣፊውን ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"እና እኔ አይደለሁም?" አለች።

አይደለሽም አልኳት። ዘላ ተነሥታ አላቀፈችኝም፣ አላለቀሰችም። "ብነቃም?" አለች። ብትነቂም አልኳት፣ ብትነቂም ይነድ ነበር። በረጅሙ ተነፈሰች። ያን ትንፋሽ እስካሁን ይዛው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እትዬ እኔን ሳይሆን ልጇን ነበር የምታየው። እንዴት አንቺ ትሆኛለሽ ብለሽ አሰብሽ አለቻት፣ በጣም በቀስታ።  እትዬ በግራ እጇ ወደ ራሷ አስጠጋቻት፣ የታሸገውን እጇን ከፍ አድርጋ እንዳይነካ። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ዞራ፣ መቼ ነው ያወቅሽው አለችኝ።

የዚያኑ ቀን አልኳት።

"እጄን እተውልሻለሁ። እጄ የእኔ ነው" አለች። "ይቺን ልጅ ግን ሃያ ስድስት ቀን ዓይን ዓይኗን እያየሽ ዝም አልሽ። ጠይቂልኝ ብዬሽ፣ ጠይቀሽ መጥተሽ፣ ያልፍላታል ብለሽኝ ሄድሽ።"

በአገጯ በሩን አሳየችኝ።

"አሁን ሂጂ።"

ማክሰኞ 10

ካርቶኑን ከባንኮኒው ሥር አወጣሁት። ዶክተር ጉጠቱን አመጣ። ጎን ለጎን ወለል ላይ ተቀምጠን የእያንዳንዱን ጥርስ ቆረጥን፣ ማንም አንሥቶ እንዳይሰካው። ሲጨርስ እጁን አራግፎ፣ ያን ቀን ቀምቼሽ መጣል ነበረብኝ አለ። አንተ ምን አደረግህ አልኩት። ነግሬሽ ዝም አልኩ አለኝ። እሱም ለካ ከራሱ ጋር ሲሟገት ነው የከረመው።

መስታወቱ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ከእኔ ቀለል ያለ ነጭ ቻርጀር የገዛችሁ፣ እባካችሁ አሁኑኑ ንቀሉት፣ አምጡልኝ፣ አደገኛ ነው። ፀጉር ሠሪዋም በሯ ላይ ለጠፈችልኝ። 

ሐሙስ 12

አሥራ አንድ ሰው መለሰ። አንዱ፣ የእኔ ደህና ይሠራል፣ ለምን እሰጥሻለሁ ብሎ ይዞት ሄደ። ሮጬ ደርሼ ለመንኩት። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያየናል። እምቢ አለኝ።

ለመንገድ የቸኮሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ለልጆቼ ብለው አምስት በአንድ ላይ የወሰዱ። ከየት እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። መርቀውኝ ነው የሄዱት። እሳቸውን የት አገኛቸዋለሁ?

ለአከፋፋዩ ደወልኩ። ሌላ ሰው ቅሬታ አላቀረበም አለኝ። እኔም አላቀረብኩም ነበር።

ሐሙስ 19

ሾፌሩ ጋሽ ቴስተር ቤት እንደሄደ ሚስታቸው ለፀጉር ሠሪዋ ነግረዋታል፣ እሷ ለዶክተር፣ ዶክተር ለእኔ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሄዶ በር ላይ ቆሞ፣ አልገባም፣ የሰደብኩዎት እዚያ መንገድ ላይ ስለሆነ ይቅርታዬንም እዚያው ይስሙልኝ አላቸው። ይዟቸው ሄደ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ። የእኔን ስም አልጠራም አሉ። የሚስቴ ዘመድ ብቻ ነው ያለው።

ዘመድ።

የፋርማሲዋ ባለቤት ጋሽ ቴስተርን መልሳ ጠርታቸዋለች። የሕንፃው ባለቤት ግን ሌላኛው ሰው ሥራውን አጋምሶታል፣ አሁን ምን ይደረጋል ብለዋል። ሄጄ ለመንኳቸው። አዳምጠው፣ አንቺ ያኔ ብትናገሪ ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ረቡዕ 25

ሚጣ ትምህርት ጀምራለች። ዛሬ ከጓደኞቿ ጋር በሱቁ ፊት ስታልፍ አየኋት። እሷም አየችኝ። በእጇ ሰላም አለችኝና አለፈች። ድሮ ሮጣ ገብታ ከመደርደሪያው የጆሮ ማዳመጫ ሳትጠይቅ አንሥታ ነበር የምትወጣው።

ቅዳሜ 28

እማዬ ነይ ብላሻለች ብላ ትናንት ሚጣ ደወለችልኝ። ሌሊቱን ሙሉ የምላትን ስደረድር አደርኩ።

ስገባ እትዬ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ጨርቁ ተገፍፏል። ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ሸሚዝ ተከምሯል፣ የሚጣ ትምህርት ቤት ነው ያዘዛት፤ ሠላሳ ይሆናል። የመኪናውን ስፌት፣ ጨርቁን በግራ እጇና በቀኝ መዳፏ ጎን እየገፋች ሰፍታዋለች። ስፌቱ እንደ ድሮው ቀጥ አላለም፣ ግን ይዟል። የቀረው የእጅ ሥራው ነው። ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ። እሱን ጣቷ እምቢ ብሏታል።

ያዘጋጀሁትን ልናገር አፌን ስከፍት፣ ተቀመጪ አለችኝ። መርፌና ክር ወደ እኔ ገፋች። ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ሸሚዝ ስጨርስ ተቀብላ አየችው። "ፍቺው" አለች። ፈታሁት። ሁለተኛውንም ፈታሁት። ክሩን ከሥር አዙሪው አለችኝ፣ አታጥብቂው፣ ጨርቁን ይጨመድደዋል። ከዚህ ሌላ አላናገረችኝም። ልጅ ሳለሁ ስታስተምረኝ ስሳሳት እጄን በሜትሩ ቸብ ታደርገኝ ነበር፣ እየሳቀች። ዛሬ አልነካችኝም። ሚጣ በመስኮቱ ሥር የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መቀስ ስጠይቃት አምጥታ ሰጠችኝ።

ሲመሽ ዘጠኝ ጨርሻለሁ። እትዬ እያንዳንዱን ወደ ብርሃኑ እያነሣች ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት አደረገቻቸው። ዘጠነኛው ላይ አንዱ ቁልፍ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። በእነዚያ ሁለት ጣቶቿ ይዛ ልትሰጠኝ ሞከረች፣ ወደቀ። ሁለታችንም ጎንበስ አልን። እኔ አገኘሁት።

ቀና ስል ፊቷ ፊቴ አጠገብ ነበር። ለአንድ አፍታ አንድ ነገር ልትለኝ መሰለኝ።

"ይሄንን እንደገና" አለች።

መርፌዬን አነሣሁ።